እጓለ ማውታን መቀበል፡ ወላጁን ያጣ ሕፃን አሳዳሪነትና ሞግዚትነት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ወላጆች በሞት ሲለዩ የልጆቻቸው ነገር በለቅሶው ቤት ከሚነሡ ጥያቄዎች ሁሉ ከባዱ ነው። በሀገራችን ልማድ ይህን ጥያቄ የሚመልሰው ብዙውን ጊዜ ዘመድ ነው። የዐርባው ቀን መታሰቢያ እንዳለፈ፣ አንዳንዴም ከዚያ በፊት፣ አያት፣ አክስት፣ አጎት ወይም ታላቅ እኅት የሕፃኑን እጅ ይዘው ወደ ቤታቸው ይገባሉ። ይህ የአባቶቻችን ደግ ልማድ ዛሬም አልጠፋም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ነገር ግን ሕፃኑን በቤት መቀበል አንድ ነገር ነው፤ ስለ ሕፃኑ በሕግ ፊት ለመቆም ሥልጣን ማግኘት ደግሞ ሌላ ነው። ለዓመታት ያሳደገች አክስት የሟች ወላጁን ጡረታ ልትቀበልለት ስትሄድ፣ ፓስፖርት ልታወጣለት ስትጠይቅ ወይም በወላጆቹ ቤት ላይ የተነሣ ክርክርን ልትመልስ ስትቆም "ሞግዚት መሆንሽን የሚያሳይ ማስረጃ አምጪ" ትባላለች። ከዚህም የከፋ አለ፤ ልጁ ሲራብ ያልታየ ዘመድ የካሣ ወይም የውርስ ገንዘብ ሲሰማ ብቅ ብሎ ሥልጣኑን በስሙ ያወጣል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ እጓለ ማውታን መቀበል በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ምን እንደሆነ፣ ይህንንም በሕግ ማጽናት የሚቻልበትን መንገድ በአጭሩ እናቀርባለን።

ቅዱሳት መጻሕፍት ምን ያስተምሩናል?

እግዚአብሔር በቅዱስ መጽሐፍ ራሱን የድሃ አደጎች አባት አድርጎ ገልጿል (መዝ. 67፥5)። በኦሪት ወላጅ የሌለውን ልጅ የሚያስጨንቅ ሰው የልጁ ጩኸት በሰማይ እንደሚሰማበት ተነግሮታል (ዘፀ. 22፥22-24)። ሐዋርያው ቅዱስ ያዕቆብም ንጹሕ አምልኮ የሚባለው በመከራቸው ወላጅ የሌላቸውን መጠየቅ እንደሆነ አስተምሯል (ያዕ. 1፥27)።

ከቅዱሳን ታሪክ ደግሞ የዘመዳቸውን ልጅ የተቀበሉ ሁለት አባቶችን እናገኛለን። የመጀመሪያው አባታችን አብርሃም ነው። ወንድሙ ሐራን በሞተ ጊዜ ልጁ ሎጥ ከአያቱ ከታራ ጋር ነበር፤ በኋላም አብርሃም ሎጥን ይዞ ወደ ከነዓን ወጣ (ዘፍ. 11፥27-31፤ 12፥4-5)። በእረኞቻቸው መካከል በንብረት ምክንያት ጠብ በተነሣ ጊዜ አብርሃም "ታላቅ እኔ ነኝ፤ ያሳደግሁህም እኔ ነኝ" ሳይል ምድሪቱን አስቀድሞ እንዲመርጥ ለሎጥ ሰጠው (ዘፍ. 13፥8-9)። ሎጥ በተማረከ ጊዜም ተከትሎ ሄዶ ከነንብረቱ አስመለሰው (ዘፍ. 14፥14-16)። የወንድምን ልጅ መቀበል ንብረቱን መፈለግ ሳይሆን ንብረቱንም ነፍሱንም መጠበቅ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ሁለተኛው መርዶክዮስ ነው። አስቴር አባትና እናቷ ከሞቱ በኋላ መርዶክዮስ የአጎቱን ልጅ እንደ ልጁ አድርጎ አሳደጋት (አስ. 2፥7)። ወደ ንጉሡ ቤት ከተወሰደች በኋላም ደኅንነቷን ለማወቅ ዕለት ዕለት በአደባባዩ ፊት ይመላለስ ነበር (አስ. 2፥11)። አሳዳጊነት ልጁ ከቤት ሲወጣ የሚያበቃ ሥራ አይደለም።

ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስም በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር፣ ደቀ መዝሙሩንም ለእናቱ አደራ ሰጥቷል (ዮሐ. 19፥26-27)። አደራውን የሰጠው ሰው ሁሉ በሚሰማበት በግልጽ ቃል ነበር፤ ተቀባዩም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወደ ቤቱ ወሰዳት። አደራ በግልጽ ሊሰጥ፣ ሳይዘገይም ሊፈጸም እንደሚገባው ከዚህ እንማራለን።

የቤተ ክርስቲያናችን የሥርዓት መጻሕፍትም ይህንኑ ያጸናሉ። ዲድስቅልያ ወላጅ የሌላቸውን ልጆች መንከባከብን ለኤጲስ ቆጶሳት ኃላፊነት አድርጎ ሲሰጥ፣ ልጅ የሌለው ክርስቲያን እጓለ ማውታውን እንደ ልጁ ተቀብሎ እንዲያሳድግ ይመክራል። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ሕፃናት ጠባቂዎች ሥርዓት ያስቀምጣል። አበው ርኅራኄን ከሥርዓት ለይተው አላስተማሩንም።

"አሳዳሪ" እና "ሞግዚት" ማን ናቸው?

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ይሠራበታል። ክልሎችም የራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። መሠረተ ሐሳባቸው የተቀራረበ ቢሆንም ዝርዝሩ ሊለያይ ስለሚችል እያንዳንዱ ቤተሰብ በሚኖርበት ክልል ያለውን ሕግ መጠየቅ ይገባዋል። ከዚህ በታች የምንገልጸው በዋናነት የፌዴራሉን ሕግ መሠረት ያደረገ ነው።

በሕጉ ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላው ሰው አካለ መጠን ያላደረሰ ይባላል። ለእንዲህ ያለው ልጅ ሁለት ዓይነት ጠባቂ ያስፈልገዋል። አሳዳሪ የሚባለው የልጁን አካልና አኗኗር የሚጠብቅ ነው፤ የት እንደሚኖር፣ እንዴት እንደሚማር፣ ሲታመም የት እንደሚታከም የሚወስነው እርሱ ነው። ሞግዚት የሚባለው ደግሞ ንብረቱንና የገንዘብ ጥቅሙን የሚያስተዳድር፣ በፍርድ ቤትም በልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶችም ልጁን የሚወክል ነው። በዕለት ንግግራችን ሁለቱንም "ሞግዚት" ብንልም ሕጉ ይለያቸዋል። ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ሁለቱንም ሥልጣን ይይዛል፤ ለልጁ የሚሻል ከሆነ ግን ለሁለት ሰዎች ሊከፈል ይችላል። ለምሳሌ አክስት አሳዳሪ፣ ሒሳብ የሚያውቅ ታማኝ አጎት ደግሞ ሞግዚት ሊሆኑ ይችላሉ።

ከወላጆች አንዱ በሕይወት ካለ

አባትና እናት በጋብቻ ሳሉ በጋራ የልጃቸው አሳዳሪና ሞግዚት ናቸው። አንዳቸው ቢሞቱ ሥልጣኑ በሕይወት ላለው ወላጅ ብቻ ይጸናል። ስለዚህ የሟች እኅት ወይም ወንድም "የወንድሜ ደም ነው" በማለት ሕፃኑን ከእናቱ ወይም ከአባቱ ሊነጥቅ አይገባውም፤ በሕግም አይፈቀድለትም። ኀዘን ያደቀቃትን እናት መደገፍ እንጂ ልጇን መውሰድ በኀዘን ላይ ኀዘን መጨመር ነው።

ይህ ግን በሕይወት ያለው ወላጅ በማናቸውም ሁኔታ ይቀድማል ማለት አይደለም። ወላጁ ልጁን የተወ፣ የሚያሠቃይ ወይም ኃላፊነቱን ሊወጣ የማይችል ከሆነ ፍርድ ቤት ሥልጣኑን ሊያነሣበት ይችላል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠው ውሳኔ በዚህ ረገድ ይጠቀሳል። እናቱ ከሞተችበት በኋላ በአክስቱ እጅ ያደገን ልጅ፣ ለዓመታት ርቆ የቆየ አባት የሞግዚትነት ሥልጣኑ እንዲሰጠው ጠየቀ። የበታች ፍርድ ቤቶች "በሕይወት ያለ ወላጅ ይቀድማል" የሚለውን ድንጋጌ ይዘው ለአባት ወሰኑ። ሰበር ሰሚ ችሎቱ ግን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 እና የሕፃናት መብቶች ስምምነትን መሠረት በማድረግ፣ በቅድሚያ ሊታይ የሚገባው የሕፃኑ ደኅንነትና ጥቅም ነው ሲል ውሳኔውን ሽሮ ልጁ ባሳደገችው አክስት እጅ እንዲቆይ አደረገ። ችሎቱ የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ፣ ልጅ ያሳደጉ ዘመዶች ይህን ውሳኔ ማወቃቸው ይጠቅማቸዋል።

ሁለቱም ወላጆች ካረፉ

ሁለቱም ወላጆች ባረፉ ጊዜ አስቀድሞ የሚታየው ኑዛዜ ነው። ኋላ የሚሞተው ወላጅ ልጆቹን ማን እንዲያሳድግ፣ ንብረታቸውንም ማን እንዲጠብቅ በኑዛዜ ሊወስን ይችላል። ኑዛዜ ከሌለ ሕጉ ራሱ ቅርብ ዘመዶችን ይጠራል፤ አያቶችን፣ አካለ መጠን ያደረሱ ወንድሞችና እኅቶችን፣ ከዚያም አጎቶችንና አክስቶችን። ከእነዚህ መካከል የተሻለውን ለመምረጥ፣ አለዚያም ከእነዚህ ውጭ ሌላ ተስማሚ ሰው ለመሾም ሥልጣን ያለው ፍርድ ቤት ነው። ፍርድ ቤቱም ቅርብ ዘመዶችን ይሰማል፤ የሕፃኑንም ሐሳብ ይጠይቃል።

ስለ ኑዛዜ አንድ ነገር በተለይ እንድታስተውሉ እንወዳለን። በግልጽ የሚደረግ የጽሑፍ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ይፈረማል፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። ድንገት የታመመና መጻፍ የማይችል ሰው ግን በሁለት ምስክሮች ፊት በቃሉ ሊናዘዝ ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለቃል ኑዛዜ የፈቀደው ጥቂት ነገር ብቻ ሲሆን ከእነዚህ አንዱ የልጆች አሳዳሪና ሞግዚት ነገር ነው። ተናዛዡ ከቃል ኑዛዜው በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየ ኑዛዜው ይቀራል፤ ያን ጊዜ በጽሑፍ ማድረግ ይገባል።

ብዙ ምእመናን ስለ ልጆቻቸው ያላቸውን ሐሳብ ለንስሐ አባታቸው ብቻ ነግረው ያርፋሉ። ካህን በኑዛዜ ኃጢአት ጊዜ የሰማውን ምሥጢር አውጥቶ ሊመሰክር አይችልም። ስለዚህ የልጆች አደራ ከንስሐ ተለይቶ፣ ምስክሮች ባሉበት በግልጽ ሊነገር ይገባዋል። ካህናት አባቶቻችንም ወደ ሕሙማን ሲገቡ ንስሐውን ከፈጸሙ በኋላ "ስለ ልጆችህስ ለማን አደራ ብለሃል?" ብለው ቢጠይቁና ምስክር እንዲጠራ ቢያደርጉ ለቤተሰቡ ታላቅ ሰላም ያተርፋሉ።

ሌላም አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ወላጆችና ሕጋዊ ሞግዚቶች ልጆችን በእምነታቸው የማሳደግ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ስለዚህ ሞግዚቱ ማን ይሁን የሚለው ጥያቄ ልጁ በየትኛው እምነት ያድጋል የሚለውንም ጥያቄ ይነካል። ልጆቻቸው ከቅዱስ ቁርባን ሳይርቁ እንዲያድጉ የሚሹ ወላጆች ይህን በሕይወት ሳሉ ሊያስቡበት ይገባል።

ማመልከቻው እንዴት ይቀርባል?

ሞግዚትነትን ወይም አሳዳሪነትን የሚጠይቅ ዘመድ የሚከተሉትን አስቀድሞ ቢያዘጋጅ መንገዱ ይቀልለታል፦

1. የሟች ወላጅ ወይም ወላጆች የሞት ምስክር ወረቀት። ሞት በወረዳ ወይም በቀበሌ በሚገኘው የክብር መዝገብ ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል። በኀዘን ምክንያት ይህን ማዘግየት በኋላ ብዙ ድካም ያመጣል።
2. የሕፃኑ የልደት ምስክር ወረቀት። ልደቱ ባልተመዘገበ ጊዜ ከአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የሚሰጥ የጥምቀት ምስክር ወረቀት ልደቱን ለማስመዝገብ ረዳት ማስረጃ ሊሆን ይችላል።
3. የአመልካቹ መታወቂያና ከሕፃኑ ጋር ያለውን ዝምድና የሚያሳይ ማስረጃ።
4. ኑዛዜ ካለ ኑዛዜው።
5. ቤተሰቡን የሚያውቁ፣ ልጁ በማን እጅ እንዳደገ የሚመሰክሩ ሰዎች።
6. ልጁን ሲያሳድጉ የቆዩ ከሆነ ይህን የሚያሳይ የትምህርት ቤትና የሕክምና ማስረጃ።

ማመልከቻው በቃለ መሐላ ተደግፎ ሕፃኑ በሚኖርበት አካባቢ ላለው ፍርድ ቤት ይቀርባል። በአዲስ አበባ ክርክር ያልተነሣበት የሞግዚትነት ማመልከቻ ብዙውን ጊዜ በከተማው ፍርድ ቤቶች ይታያል፤ የትኛው ፍርድ ቤት እንደሚመለከተው በመዝገብ ቤት ጠይቆ መረዳት ጊዜ ይቆጥባል። ፍርድ ቤቱ የሕፃኑ ኑሮ እንዲጣራ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ መሥሪያ ቤትን ሊያዝ ይችላል። የጠበቃ ገንዘብ የሌላቸው ሰዎች ተስፋ ሊቆርጡ አይገባም፤ የሕግ ትምህርት የሚሰጡ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ነጻ የሕግ አገልግሎት አላቸው፤ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ለሴቶችና ለሕፃናት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

በዘመዶች መካከል አለመስማማት ካለ ወደ ችሎት ከመሄድ በፊት በሽማግሌዎችና በንስሐ አባት ፊት መነጋገር መልካም ነው። ሆኖም ስምምነቱ በቃል ብቻ አይቅር፤ በጽሑፍ ሆኖ ለፍርድ ቤቱ ይቅረብ። ወንድማማቾችና እኅትማማቾች ሕፃናትም ለየዘመዱ ተከፋፍለው ከመበተን ቢቻል በአንድ ቤት እንዲያድጉ ቢደረግ ይመረጣል፤ ወላጅ ያጡ ልጆች እርስ በርሳቸው መጽናኛ ናቸውና።

ሞግዚት መጋቢ እንጂ ባለቤት አይደለም

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ከመጋቢዎች የሚፈለገው ታማኝነት እንደሆነ አስተምሯል (1ኛ ቆሮ. 4፥2)። ሕጉም ከሞግዚት የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ሞግዚቱ ሥራውን ሲጀምር የልጁን ንብረት ቆጥሮ በዝርዝር ያስመዘግባል፤ የልጁን ገንዘብ ከራሱ ገንዘብ ጋር አይቀላቅልም፤ ገቢውንና ወጪውን ይጽፋል፤ ሲጠየቅም ሒሳብ ያቀርባል። የልጁን ቤት ወይም ሌላ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ሊሸጥ አይችልም። የሞግዚቱና የልጁ ጥቅም በሚጋጭበት ጉዳይም ልጁን ሌላ ሰው እንዲወክለው ይደረጋል። ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ሞግዚቱ ንብረቱን ከነሒሳቡ ያስረክባል።

ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሕግ የማይደርስባቸውን ነገሮች ትጠይቃለች። የዘመዱን ልጅ በስም "ላስተምር" ብሎ አምጥቶ ከሌሊት እስከ ሌሊት የሚያሠራ፣ የራሱን ልጆች አስተምሮ እጓለ ማውታውን ከትምህርት የሚያስቀር ሰው የእግዚአብሔርን ፍርድ ሊፈራ ይገባዋል። የተዝካር ነገርም እንዲሁ ነው። ተዝካር ለነፍስ የሚደረግ ጸሎትና ምጽዋት ነው፤ የሕፃናቱን ቀለብና የትምህርት ቤት ክፍያ አሟጥጦ ለሰው ይሉኝታ ድግስ መደገስ ግን ለሟች ነፍስ አይጠቅምም። ለሟች ከሚደረገው ምጽዋት የሚበልጠው ልጆቹን አለማስራብ ነው። "አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ" የሚለው የአባቶች ብሂልም አደራ የተቀበለ ሰው ሰው ባያየው እንኳ ከአደራው ነጻ እንደማይወጣ ያሳስበናል።

ባለትዳር የሆነ አሳዳጊ ከትዳር አጋሩ ጋር ሳይመክር ልጅ ወደ ቤት ማምጣት የለበትም። በልብ ያልተቀበሉት ልጅ በማዕድ ቢቀመጥም እንግድነት ይሰማዋል።

ሞግዚትነትና ጉዲፈቻ

ሞግዚትነት ልጁ ለአካለ መጠን እስኪደርስ የሚቆይ የጠባቂነት ሥልጣን ነው፤ ልጁ የሟች ወላጆቹ ልጅነቱ አይለወጥም። ጉዲፈቻ ግን አዲስ የወላጅነትና የልጅነት ዝምድና ይፈጥራል፤ ልጁ የጉዲፈቻ አድራጊው ልጅ ሆኖ ይቆጠራል፤ ወራሹም ይሆናል። ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና ግን አይቋረጥም። ጉዲፈቻ አድራጊ ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው ሊሆን ይገባል፤ ስምምነቱም የሚጸናው ፍርድ ቤት መርምሮ ሲያጸድቀው ነው። በልማድ የሚደረገው የጡት ልጅነት የተከበረ ቢሆንም ይህን የፍርድ ቤት ውሳኔ አይተካም።

በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1070/2010 በተደረገው ማሻሻያ የውጭ ሀገር ዜጎች ኢትዮጵያውያን ሕፃናትን በጉዲፈቻ እንዳይወስዱ ተከልክሏል። በውጭ የምትኖሩና የሟች እኅታችሁን ወይም ወንድማችሁን ልጅ ለመርዳት የምታስቡ ምእመናን ይህን ልብ በሉ። በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት የሚሰጥ የሞግዚትነት ውሳኔም ብቻውን ለሕፃኑ ቪዛ አያሰጥም፤ የምትኖሩበትን ሀገር ሕግ ከሚያውቅ ባለሙያ ጋር አስቀድማችሁ ምከሩ። እስከዚያው ልጁ በሀገር ቤት በታማኝ ዘመድ እጅ ሕጋዊ ሞግዚት አግኝቶ፣ ከእናንተ ደግሞ ቀለቡና የትምህርቱ ወጪ ቢደርሰው አደራችሁን ተወጥታችኋል።

የክርስትና አባትና እናት፣ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያንም ድርሻ

ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ሲጠመቁ የተቀበሏቸው የክርስትና አባትና እናት በእግዚአብሔር ፊት ቃል ገብተዋል። ይህ መንፈሳዊ ዝምድና በራሱ የሕግ ሞግዚትነትን አይሰጥም፤ ወላጆች በሞቱ ጊዜ ግን እጅግ የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው። ልጁ በማንም ቤት ይደግ የክርስትና ወላጆቹ ሊጠይቁት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊያመጡት፣ ቅዱስ ቁርባን እንዲቀበልና በሰንበት ትምህርት ቤት እንዲማር ሊያደርጉ ይገባል። በአጠገቡ ብቁ ዘመድ ከሌለ ፍርድ ቤት ቀርበው ራሳቸው ለሞግዚትነት ማመልከት ይችላሉ።

ሰበካ ጉባኤያትም በአጥቢያቸው ወላጅ ያጡ ልጆችን መዝግበው ቢይዙ፣ የጥምቀት ምስክር ወረቀታቸውን ሳያጉላሉ ቢሰጡ፣ በምእመናን መካከል ያሉ የሕግ ባለሙያዎችን ጠርተው ማመልከቻ እንዲጽፉላቸው ቢያደርጉ ብዙ ሕፃናት ከመጉላላት ይድናሉ። የሕግ ባለሙያ የሆነ ምእመን ለአንድ እጓለ ማውታ የሚጽፈው ማመልከቻ ከምጽዋት የሚቆጠር ነው።

እንግዲህ ምእመናን፣ የዘመዳችሁን ልጅ የተቀበላችሁ ሥራችሁን በሕግ አጽኑት፤ ወላጆች የሆናችሁም በጤና ሳላችሁ ስለ ልጆቻችሁ በግልጽ ተናዘዙ። ልጁን በቤት የተቀበለ እጁን ይዞታል፤ በሕግም የቆመለት ነገውን ጠብቆለታል። የድሃ አደጎች አባት እግዚአብሔር ወላጅ ላጡት መጽናናትን፣ ለተቀበሏቸውም በረከትን ያድልልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር